ፋንታሁን ያደገበት ሰሞን

አዘዞ ላይ ፋንታሁንን ማፈላለግ ማንንም አያስቸግርም። «አጭሩን ነው?» ይላሉ፤ «አዎ» ያለ ሰው ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይሸኛል። ሚስቱ ዝናሽ ደግሞ ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ረጅሟ ናት። ሚኒባስ ሲሳፈሩ እሷ ጎንበስ፣ እጥፍጥፍ ብላ እስክትገባ እሱ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቀጥ ብሎ ይገባና ከውስጥ ሆኖ «ምነው ዘገየሽ?» ይላታል። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ቀልድ ያልቀለደበት ጉዞ የለም፤ እሷም ያልሳቀችበት ጉዞ የለም።

በቁመቱ አፍሮ የማያውቀው ድባብ ስላለው ነው። ከድብ ባሕር ወደ አዘዞ በመጣበት ዓመት፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ የሰፈሩ ደብር የንግሥ በዓል ላይ ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ነበር። ከኋላ ቢቆም ከሰው ጀርባ በቀር የሚታየው ስለሌለ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቆም። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት ሲጀመር፣ ከታቦቱ በላይ ድባብ የዘረጋው ሎጋ ሰው ፀሐይ መታውና ተንገዳገደ። ረጃጅሞቹ ሁሉ «ኧረ! ኧረ!» ሲሉ ፋንታሁን ዘሎ ገባና ድባቡን መሬት ሳይነካ ቀለበው። ከዚያ ዕለት ወዲህ የዚያ ደብር ድባብ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

ታቦቱን የሚያከብሩት የያኔው ቄስ እንደ እሱው አጠር ያሉ ስለነበሩ ነገሩ ሁሉ ሰምሮ ኖረ። ኋላ ግን እሳቸው አረጁ፤ በምትካቸው ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ከደባርቅ በኩል መጡ። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ መልካም ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ሸጋ ነው፤ እግዜር ቁመት ሲያድል ግን ከእሳቸው ላይ ሲደርስ ማቆሚያውን ረስቶታል። የንግሡ በዓል ሲቃረብ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አያ ወልደኢየሱስ «እስቲ እንሞክረው» አሉ። ቄሱ በታቦቱ ፈንታ የታጠፈ ጋቢ አናታቸው ላይ አደረጉ። ፋንታሁን ከሥራ ውሎ እንደ መጣ ድባቡን ጨብጦ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ከፍ አደረገ። የድባቡ ዘርፍ ጋቢውን ዳሰሰው። ጎደለ፤ የጎደለውም አንድ ጣት ነው፣ ከአንድ ጣት አይበልጥም።

ዘንጉን አስረዝሙታ የሚል ሰው አይጠፋም። ተሞክሯል። የረዘመው ዘንግ ነፋስ ሲያገኘው ፋንታሁንን ከነነጠላው እየጎተተ እስከ ግቢው በር ወስዶታል። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አድርግ ያሉትም አሉ፤ ታቦት ፊት ግን በባዶ እግር ነው።

«እንግዲህ ፋንታሁን፣» አሉ አያ ወልደኢየሱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ስንት ዘመን አገልግለሃል። አሁን ለረጃጅሞቹ ብትለቅላቸው ሸጋ ነው።»

«የለም፣ አያ ወልደኢየሱስ! የንግሡ ዕለት ይታይልኝ። ያን ለት ዘርፉ ከነካ በገዛ እጄ አስረክባለሁ።»

ይህን ብሎ ወጣ እንጂ መንገዱን ሁሉ ራሱን ሲጠይቅ ነው የሄደው። ድባብ የሌለው ፋንታሁን ማን ነው? አጭር ሰው ነው፣ በቃ። ያን ዕለት እራት አልበላም፤ ዝናሽ ሚኒባሱን እያነሳች ብትቀልድበትም አልሳቀም።

ፋንታሁን የሚሠራው ከአዘዞ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የምርምር ጣቢያ ነው። እዚያ ግሪንሃውስ ውስጥ ችግኝ ያጠጣል፣ አፈር ያለሰልሳል። ሕሊና የምትባል ወጣት ተመራማሪ በዚያ ሰሞን ድንክ አተር ዘርታ ነበር፤ ከጉልበት የማያልፍ፣ ድፍን ያለ አተር። ፋንታሁን ይህን አተር ይወደዋል፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። ሕሊና የአንዱን መደብ ጫፍ ጫፉን በመርጫ አርከፈከፈችው፤ ሌላውን ተወችው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፋንታሁን ሲገባ የተረጨው አተር የድጋፍ እንጨቱን አልፎ፣ ገመዱን አልፎ፣ ከእሱ ራስ በላይ ሆኖ ቢያየው ባልዲው ከእጁ ወደቀ።

«ሕሊናዬ! ነይልኝማ! እነዚህን ምን አበላሻቸው?»

ሕሊና እየሳቀች መጣች። «ጂበረሊን ነው አያ ፋንታሁን። አተር ራሱ በገዛ ሰውነቱ የሚሠራው ውሕድ ነው። እነዚህ ድንኮቹ ግን ከዘራቸው ጎድሎባቸው በበቂ አይሠሩትም። ግንዱ ውስጥ እልፍ ሕዋሳት አሉ። ይህ ውሕድ ሲደርሳቸው የሕዋሱ ግድግዳ እንደ ረጠበ ቆዳ ይላላና ይለጠጣል፣ ሕዋሱም ይረዝማል፣ ይከፋፈላል። ካልደረሳቸው ባሉበት ይቀመጣሉ።»

«ያጠሩት ማደግ አቅቷቸው አይደለም በይኛ!»

«አይደለም። እደጉ የሚላቸው አጥተው ነው።»

ሕሊና ከዚህ በኋላም ብዙ ተናገረች። ሲበዛበት ግንዱ ቀጥኖ እንደሚወድቅ፣ ነገሩ የተክል ጉዳይ ብቻ እንደሆነ፣ ሁሉንም አስረዳች። ፋንታሁን ግን ጆሮው የሚፈልገውን አግኝቶ ተዘግቶ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜ አንድ ሰው «እደግ» ያላለው መሆኑን ገና አሁን ማወቁ ነው።

ማታ ሲወጡ ሕሊና መርጫው ውስጥ የቀረውን «ይድፉልኝ» አለችው። እሱም ታዛዥ ሰው ነውና ደፋው፤ የደፋው ግን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ሌላ ጥያቄ መጣ። ይጠጣ ይሆን? አተሩ አልጠጣውም፤ ጫፉ ላይ ነው የተረጨው። የሰው ጫፉ ደግሞ አናቱ ነው። የሕፃን እርግብግቢት ላይ ቅቤ የሚደረገውስ እንዲጠናና እንዲያድግ አይደለም? ፋንታሁን በዚህ ጊዜ ሁሉ ነገር ገጠመለትና በራሱ አእምሮ ተደነቀ። ከቅቤው እፍኝ አንሥቶ ከሃይላንዱ ጠብ ጠብ አድርጎ ለወሰው።

«ምነው፣ ራስህን አመመህ?» አለች ዝናሽ።

«አላመመኝም። ላድግ ነው።»

ዝናሽ ይህን ስትሰማ የያዘችውን አስቀምጣ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ፊቱን አየችና መሳቋን ተወች። ድባቡ ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «በል ቁም፣ እንለካህ፤ ሳንለካ ብታድግ ማን ያምነናል?» አለችው። ከበሩ መቃን ጋር አስጠግታ፣ አናቱ ላይ ቢላዋ አጋድማ፣ በከሰል አሰመረችለት። ከዚያ ቅቤውን እንደ አራስ ልጅ በአናቱ ላይ አደረገችለትና በሻሿ ጠመጠመችው። ፋንታሁን የሕፃን እንቅልፍ ተኛ።

ጠዋት ቅቤው እንዳይቆጠር ብሎ ራሱን በሳሙና አጠበና መቃኑ ጋ ቆመ። ዝናሽ ቢላዋውን አጋደመች። አነሣችው። እንደገና አጋደመች።

«ምነው ደገምሽ?»

«ፋንታሁን...»

«ኧረ ተናገሪ!»

«አንድ ጣት!» ብላ ጮኸች። «አንድ ጣት አድገሃል!»

በስመ አብ ወወልድ! ዞሮ አየ። አዲሱ የከሰል መስመር ከማታው በአንድ ጣት ከፍ ብሏል። ፋንታሁን እስክስታውን አስነካው፤ ዝናሽ እያጨበጨበች፣ እልል እያለች፣ «ኋላ እኔን እንዳታልፈኝ አደራ!» እያለች አብራው ዞረች። ዶሮዎቹ እንኳ ደንግጠው ከቤት ወጡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የደስታ ቀናት ነበሩ። ፋንታሁን የግሪንሃውሱን በር ሲያልፍ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ሰው ሲያገኝ «ምን ታየህ?» ይላል፤ አንዱ «ወፈርክ እንዴ?» ሲለው እንኳ አልተቀየመም። አራዳ ገበያ ወርዶ ለልብስ ሰፊው የሱሪውን እግር ልቀቅልኝ አለው። ሰፊው ሱሪውን ገልብጦ አየና «አያ ፋንታሁን፣ ይህ እኮ ከአሁኑ መሬት ይጠርጋል» ቢለው «አንተ ልቀቀው፣ እኔ እደርስበታለሁ» አለ። ሲመለስ በሱሪው እየተደናቀፈ ነው የመጣው፣ እያፏጨ። ጠዋት ጠዋት መቃኑ ጋ ሲቆም ሁልጊዜ ያው አዲሱ መስመር ላይ ይገኛል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። «የጠየቅኩትን ልክ ሰጥቶኛል፣ ከዚህ በላይ ማለት ስስት ነው» አለና ቅቤውን ተወ።

ከሃይላንዱ የተረፈውን ውኃ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ የደፋችው ዝናሽ ናት። የደፋችው ጓሮ፣ ፎሶሊያዋ ላይ ነበር። የዝናሽ ፎሶሊያ ድንክ ዘር ነው፣ ድጋፍ አያሻውም፤ በገዛ እግሩ ቆሞ የሚያፈራ ጨዋ ፎሶሊያ ነበር። በሳምንቱ ግን ዝናሽ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

«ፎሶሊያዬ አብዷል!»

ፋንታሁን ሄዶ አየ። ፎሶሊያው አጥሩን ወጥቶ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ የጎረቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሐረጉን ጠምጥሟል። ግንዱ ቀጥኗል፣ ቅጠሉ ገርጥቷል፤ ግማሹ ራሱን መሸከም አቅቶት ተጋድሟል። ዝናሽ የሃይላንዱን ውኃ እዚህ መድፋቷ ትዝ አላትና አንዴ ፎሶሊያውን፣ አንዴ ባሏን እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እኔ አጭሩን ነው ያገባሁ! እንዲህ ቀጥነህ አጥር ላይ ተንጠልጥለህ የማገኝህ ከሆነ ድባቡ ጥንቅር ይበል!»

ከሰዓት በኋላ ሕሊናን ጠርተው አመጧት። ሕሊና ፎሶሊያውን አየች፣ የመቃኑን መስመር አየች፣ የቅቤውን ነገር ሰማች፤ ከዚያ በሳቅ የበሩ ደፍ ላይ ዘፍ አለች። ስትረጋጋ ግን ተቆጣች። «አያ ፋንታሁን፣ ይድፉ ያልኩትን ነገር ራስ ላይ መቀባት ምን የሚሉት ነው? ይህ ስለማይጎዳ እንጂ ሌላ ቢሆንስ? ዓይንዎ ቢጠፋስ?»

«አጥፍቻለሁ። ግን አደግሁ እኮን!»

«አላደጉም። የእርስዎ ሕዋስ የዚህን ውሕድ ትእዛዝ የሚቀበልበት ጆሮ የለውም። ሰው የሚያድግበት ሌላ ነው፤ ከአንጎል ሥር የሚመነጭ የራሱ አዛዥ አለው፤ የአጥንቱን ጫፍ እያረዘመ ያሳድገዋል። ጎረምሳነት ሲያልፍ ደግሞ የአጥንቱ ጫፍ ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ቢያዘው አይሰማም።»

«መስመሩስ? መስመሩ ይዋሻል?»

«እስቲ አሁን ይቁሙ።»

ቆመ። ዝናሽ ቢላዋውን አጋደመች። ቢላዋው አዲሱን መስመር ትቶ አሮጌው ላይ ተቀመጠ። የፋንታሁን ፊት ጨለመ፤ እንደ ልጅ ከንፈሩን ነከሰ።

«የማታ ቁመትዎ ይህ ነው፣» አለች ሕሊና ድምጿን አለስልሳ። «በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ትራስ የሚመስል ነገር አለ። ሰው ሲቆም፣ ሲሸከም ሲውል ውኃው እየወጣ ይሳሳል፤ ሲተኛ መልሶ ይጠጣና ይነፋል። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ረዘም ይላል። እኔም፣ እትዬ ዝናሽም። መጀመሪያ የተለኩት ማታ ነው፤ ሁለተኛ ጠዋት።»

ፋንታሁን አንገቱን ደፋ። ንግሡ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ድባቡን ለሚረከበው ልጅ እንዴት አድርጎ እንደሚያስተምረው፣ ዘርፉን በየት በኩል እንደሚያጥፈው ማሰብ ጀምሮ ነበር። ድንገት ቀና አለ።

«ሕሊናዬ፣ ሰው የሚያጥር ሲቆም ነው አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ካልቆመስ?»

ሕሊና መልስ ከመስጠቷ በፊት ዝናሽ ገብቷት አፏን በእጇ ያዘች።

የንግሡ ዕለት ሌሎቹ ሁሉ ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው ነበር ያነጉት። ፋንታሁን ግን ነግቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ቅዳሴው ወደ መጨረሻው እስኪቃረብ ከአልጋው አልተነሣም። እግሩ መሬት ቢነካ አንድ ጣቱ እንዳትፈስ ፈርቷል። ለበዓሉ ከድብ ባሕር የመጣው የዝናሽ ወንድም ምንዳዬ ከጎረቤት ቃሬዛ አምጥቶ ነበር። ፋንታሁን ነጭ ነጠላውን ተጎናጽፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ በጀርባው ተንጋሎ ተኛበት፤ ምንዳዬ ከፊት፣ ዝናሽ ከኋላ ሆነው አነሡት። ዝናሽ ረጅም በመሆኗ ቃሬዛው ወደ ራሱ በኩል ከፍ ብሎ ነበርና «ዝቅ አድርጊው፣ ወደ እግሬ ልፈስ ነው!» እያለ ይጮኻል።

መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ደነገጠ። «ፋንታሁን ነው? ትናንት ደኅና አልነበር?» «ወይ ድባቡ! ሐዘኑ ጣለው!» ምንዳዬ «ኧረ ደኅና ነው!» ቢል ማን ይስማው፤ በቃሬዛ የተኛ ሰው ደኅና ነው ቢባል ማን ያምናል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ ከኋላቸው የተከተለው ሴት ሁሉ እያለቀሰ ነበር። አያ ወልደኢየሱስ ሲያዩት ዱላቸውን ጥለው መጡና ግንባሩን ዳሰሱ።

«ፋንታሁን ወንድሜ፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ!»

«አልሞትኩም አያ ወልደኢየሱስ፣ አያስነሡኝ ብቻ።»

እሳቸው ይህን የኑዛዜ ቃል አድርገው ወስደው ይብስ አለቀሱ።

ያን ጊዜ ደወል ተደወለ። መጋረጃው ተከፈተ፤ ካህናቱ ወጡ፤ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ታቦቱን አክብረው ብቅ አሉ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደቀ፣ ሰገደ። ፋንታሁን ከቃሬዛው ላይ ዘሎ ተነሣ፤ ሰግዶ፣ ድባቡን ከተደገፈበት ግድግዳ አፈፍ አድርጎ፣ ዘርግቶ፣ ሁለት ክንዱን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ሰደደ። ሕዝቡ ቀና ሲል ሲሞት ያየው ሰው ከታቦቱ በላይ ድባብ ዘርግቶ ቆሟል። እልልታው ከየት እንደጀመረ አይታወቅም፤ ግቢውን ግን ሞላው። «አስነሣው! አስነሣው!» ይላሉ። ፋንታሁን «አልታመምኩም፣ ተኝቼ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት።

አያ ወልደኢየሱስ እንባቸውን ጠርገው ወደ ጎን ቆሙና በአንድ ዓይናቸው አነጣጠሩ። በዘርፉና በታቦቱ መጎናጸፊያ መካከል ሰማይ ይታያል። አንድ ጣት ሳይሆን ሁለት ጣት የሚያህል ሰማይ ነው። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ መልሰው አዩና አሁንም ሰማዩ አለ። ታቦት ያከበረ ካህን ስለማይናገር ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ዝም ብለው ሄዱ፤ ጢማቸው ግን ሲንቀጠቀጥ በቅርብ ያለ ሰው ሁሉ አይቷል።

ታቦቱ ከገባና ዝክሩ ከቀረበ በኋላ ፋንታሁን ሕሊናን ፈልጎ አገኛት። «ሁለት ጣት! እኔ የለፋሁት ለአንድ ነው፤ አንዷ ከየት መጣች?»

ሕሊና ቄሱን አየት አድርጋ መልሶ ሳቅ ያዛት። «እሳቸውስ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አላደሩም? ጠዋት ደግሞ ያን ሁሉ ተሸክመው አልዋሉም? የእሳቸውም ትራስ ሳስቷላ!»

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነገሩ ከሥሩ ሲነገራቸው፣ ቅቤው፣ አተሩ፣ ፎሶሊያው፣ የልብስ ሰፊው ነገር ሁሉ ሲነገራቸው ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የፋንታሁንን አናት በመስቀላቸው ባረኩት። መጎንበስ ነበረባቸው።

«አንተ ተኝተህ አደግህልኝ፣ እኔ ቆሜ አጠርኩልህ። ከዛሬ ወዲያ አያ ወልደኢየሱስ በመካከላችን ጣት አይለኩም። ከረዘምኩብህ ንገረኝ፣ እኔ ጎንበስ እላለሁ፤ ድባቡ ያንተ ነው።»

አያ ወልደኢየሱስ አንገታቸውን ደፍተው «ይሁን» አሉ።

ፋንታሁን ማታ ቤቱ ሲገባ ሱሪውን እየረገጠ ነበር። በር ላይ ቆም ብሎ ለሳቅ ያህል ጀርባውን ለመቃኑ ሰጠ። ዝናሽ ቢላዋውን አጋደመች። ከአሮጌው መስመር በታች ሆነ፤ ድባቡ እስከ ዛሬ ካጠረው በላይ አሳጥሮታል። ሁለቱም ተያይተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ቆይ፣» አለች ዝናሽ፣ «አትንቀሳቀስ። እጅህን አንሣ።»

«ምነው?»

«እንደ ቅድሙ። እንደ ታቦቱ ሰዓት።»

አነሣ። ሁለት ክንዱን እስከ መጨረሻው ሰደደ፤ በእግሩ ጣቶች ቆመ። ዝናሽ ከሰሉን አንሥታ፣ እሷም በበኩሏ ተንጠራርታ፣ ጣቱ የደረሰበት ላይ መስመር አሰመረችለት። የቀሩትን ሁለቱን መስመሮች በነጠላዋ ጫፍ አጠፋቻቸው።